ሳይወለድ የታከመው ልጅ

ሾተላይ ያልገባበት መንደር የለም። እናት የመጀመሪያ ልጇን በደህና ትወልድና፣ ከዚያ የምትፀንሰው ወይ በሆዷ ይቀራል፣ ወይ ተወልዶ ሳይሰነብት ቢጫ እንደሆነ ይሄድባታል። ነገሩ የደም ነው፤ የእሷ ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውነቷ የልጇን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይፈጀዋል።

ታዲያ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ ዊሊያም ላይሊ የሚባል ሐኪም ነበረ። አንድ ቀን አፍሪካ ውስጥ ሲሠራ የቆየ እንግዳ መጣና፣ እዚያ ደም ያነሳቸው ሕፃናት በሆድ ዕቃቸው በኩል ደም እንደሚሰጣቸው፣ ሰውነታቸውም ቀስ እያለ እንደሚመጠው አጫወተው። ላይሊም ይህን ሰምቶ፣ በራጅ የሚታይ መድኃኒት እንሽርት ውሃው ውስጥ ጨምሮ፣ ፅንሱ ውሃውን ሲውጥ አንጀቱ የት እንዳለ ለይቶ፣ ከዚያም ረጅም መርፌ በእናቲቱ ሆድ አሳልፎ፣ ማህፀኑን ዘልቆ፣ የፅንሱ ሆድ ውስጥ አድርሶ ደሙን በቀስታ ለቀቀው። የመጀመሪያው ልጅ ሞተ። ሁለተኛውም ሞተ፣ ሦስተኛውም። ሦስት ቤት ካዘነ በኋላ አራተኛዋ እናት ሆዷን ለመርፌው ሰጠች። እንዴት ያለ ልብ ነው! ክረምቱ አልፎ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. መስከረም፣ ልጇ ተወለደ፤ ኖረም።

ከዚያ በ1981 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ፣ ማይክል ሃሪሰን የሚባል ሐኪም በእንስሳት ፅንስ ላይ ለዓመታት ሲለማመድ ቆይቶ፣ ማህፀን ከፍቶ፣ የሽንት መውረጃው የተዘጋበትን ፅንስ አክሞ፣ ማህፀኑን መልሶ ሰፋ። ልጁ ግን ኩላሊቱ አስቀድሞ ተጎድቶ ነበርና አልተረፈም።

ሥራው ግን አልቆመም። የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም የቀሩ ፅንሶች ማህፀን ውስጥ እያሉ መሰፋት ጀመሩ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያፈስ ቱቦ የተደረገላቸው በማህፀን ከተሰፉት ከ100ው 40 ሲሆኑ፣ ከተወለዱ በኋላ ከተሰፉት ግን 82 ነበሩ። መልካም ወሬ ነው። ዳሩ ግን በማህፀን ከተሰፉት ከ10ሩ ወደ 8 የሚጠጉት ያለ ጊዜያቸው ተወለዱ። እናቲቱንም አትርሱብኝ፤ ቢላዋው በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ለራሷ ጤና ግን አንዳች አይጨምርላትም፤ ማህፀኗ ላይ ጠባሳ ስለሚቀር ይህንንም ልጅ ወደፊት የምትፀንሰውንም በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። ዛሬ አንዳንድ ሐኪሞች ማህፀኑን ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብተው ለመስፋት የሚደክሙት የእሷን ቁስል ለማሳነስ ነው።