አማርኛን ድንበር ያሻገረው የቤት ፋክስ

ዛሬ ሩንዳ የተቀመጠ ነጋዴ የፕሮፎርማውን ፎቶ በቴሌግራም መርካቶ ላለው ሸሪኩ ሲልክ ደቂቃ አይፈጅበትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህን ሥራ የሚሠራው ፋክስ ነበር። የፋክስ ማሽኑን ሁላችንም እናስታውሰዋለን፤ ከቤት ኮምፒውተር ይላክ የነበረውን ፋክስ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። በአማርኛ የምንጻጻፍ ሰዎች ልንዘነጋው አይገባም፤ ፊደላችን ሳይበላሽ ድንበር እንዲሻገር የረዳን እሱ ነውና።

የፋክስ ሐሳብ ከስልክ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው አሌክሳንደር ቤይን ምስልን በሽቦ የሚልክ መሣሪያ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው፤ የቤል ስልክ የተመዘገበው በ1876 ነው። ፋክስ በየቢሮው የተስፋፋው ግን በ1980 ግሩፕ 3 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከጸደቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተለያዩ ፋብሪካዎች ማሽኖች እርስ በርሳቸው ተግባቡ፤ አንድ ገጽም በአንድ ደቂቃ ገደማ ይደርስ ጀመር። በ1985 ጋማሊንክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኮምፒውተርን ወደ ፋክስ የሚለውጥ ካርድ አወጣ። በ1990 የቶሮንቶው ዴልሪና ዊንፋክስ የተባለውን ፕሮግራም ለገበያ አቀረበ፤ ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ 95 የራሱን ይዞ መጣ። ኮምፒውተር፣ ሞደምና የስልክ መስመር ያለው ቤተሰብ ማሽን መግዛት ቀረለት።

አሠራሩ ከማተም አይለይም። ሰውየው ደብዳቤውን ጽፎ ከፕሪንተሩ ይልቅ ፋክሱን ይመርጣል፤ ቁጥሩን ያስገባል። ኮምፒውተሩ ገጹን ወደ ጥቁርና ነጭ ነጥቦች ይቀይረዋል፣ ሞደሙ ነጥቦቹን ድምፅ አድርጎ በስልክ ይልካቸዋል፣ ተቀባዩ ማሽን መልሶ ወረቀት ላይ ያሰፍራቸዋል።

ለአማርኛ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1990ዎቹ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የየራሱ የኮድ አሰጣጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ኢሜይል ያው ፕሮግራም በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ እስኪያነቡት ደግሞ ሌላ ጊዜ ወሰደ። ፋክስ ግን ፊደል አይልክም፤ የሚልከው ሥዕል ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ማሽን አማርኛ ማወቅ አላስፈለገውም።

እንከንም ነበረው። በተለመደው ጥራት ለአንድ ኢንች ቁመት 98 መስመር ብቻ ስለሚደርሰው ደቃቅ ፊደላት ይደፈናሉ፤ «ሱ» እና «ሲ» ይምታታሉ፤ በዋጋ ዝርዝር ላይ 3 እና 8 ሲምታታ ደግሞ ገንዘብ ነው። መላ የሚሆነው ፊደሉን ማጉላት ወይም መስመሩን እጥፍ የሚያደርገውን ጥራት መምረጥ ነበር፤ ያኔ ግን የስልኩ ደቂቃ ይጨምራል። በተጨማሪ ኮምፒውተር የሚልከው በውስጡ የተጻፈውን ነው። ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ስካነር ይፈልጋል፤ ስካነር የሌለው ሰው ለዚያ ወደ ፋክስ ቤት መሄድ ግድ ይለው ነበር።

ሩንዳ ከጊጊሪው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ብዙም የማይርቅ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከቤት ፋክስ የሚልክ ሰው ወደ አዲስ አበባ የሚከፍለው የዓለም አቀፍ ጥሪ ዋጋ ነው፤ ያኔ መስመሩ በሁለቱም አገር በመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። በኬንያ የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በ1999 ተከፋፈለ፤ ተተኪው ቴልኮም ኬንያ የነበረው ብቸኛ መብትም በ2004 አበቃ።

በኢትዮጵያ ግን ፋክሱ በስልክ መስመር ፈንታ በኢንተርኔት ሲያልፍ ነገሩ የሕግ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። በ2012 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ አገልግሎቱን በሚሰጥ ሰው ላይ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፤ ተጠቃሚውንም አልማረም። በስልክ መስመር የሚሄድ ፋክስ በየደቂቃው ለቴሌ ገቢ ያስገባል፤ በኢንተርኔት የሚሄደው ግን ያንን ገቢ ያልፈዋል። ስለዚህ ያው አንድ ገጽ ፕሮፎርማ በየት በኩል እንዳለፈ ታይቶ ንግድ ወይም ወንጀል ሊሆን ይችል ነበር። ዘርፉን ለውድድር የከፈተው በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው፤ በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ጀመረ።

አሁን የምንልከው ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ፎቶም ያው ሥዕል ነው። ልዩነቱ መቀመጫው ላይ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ማሽኖች ያትሙ የነበሩት በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ስለሆነ ጽሑፉ በብርሃንና በሙቀት ይጠፋል። ከኮምፒውተር የተላከው ቅጂ ደግሞ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይሆናል። የሽርክና ውል፣ የዕዳ ማስረጃ፣ የአባት ደብዳቤ በፋክስ ወረቀት ላይ ያላችሁ ቤተሰቦች ሳይደበዝዝ ፎቶ አንሱት፤ ቀኑንና የላኪውን ስም ጻፉበት፤ ከአንድ በላይ ቦታም አስቀምጡት። ባዶ የሆነ ወረቀት ለማንም ዳኛ አይመሰክርም።