ዝምታ ፈቃድ ነውን? ስለ 99.98 ከመቶ

ስለ አካል ልገሳ ሕግ በተነሳ ቁጥር ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስቲን እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ይጠቀሳል። ክርክሬ ከሁለቱ ጸሐፊዎች ሰንጠረዥ፣ ይልቁንም ከአንባቢዎቹ ጋር ነው።

በሰንጠረዡ፣ ለጋሽ መሆን የሚሻ ፈቃዱን እንዲገልጽ በሚጠበቅባት ጀርመን ፈቃደኛው 12 ከመቶ ነው፤ ያልተቃወመ ሁሉ እንደ ፈቀደ በሚቆጠርባት ኦስትሪያ ግን 99.98 ከመቶ። ብዙዎች ይህን አይተው ሕጉን መገልበጥ ብቻውን ሕይወት ያድናል አሉ። ነገር ግን 99.98 የሚቆጥረው እሺ ያሉትን ሳይሆን መቃወሚያ ያላስመዘገቡትን ነው። ዝም ያለ ሁሉ እሺ አላለም። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው በተግባር የተፈጸመውን ልገሳ ሲመረምሩ ልዩነቱ ወደ 16 ከመቶ ገደማ ወርዶባቸዋል፤ ይህን ክፍል የሚጠቅስ ግን እምብዛም ነው።

ከዚህ በላይ ችላ የተባለው የስፔን ምስክርነት ነው። ስፔን ዝምታን እንደ ፈቃድ የቆጠረችው በ1979 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ከ1 ሚሊዮን ሕዝብ የሚገኘው ለጋሽ ገና 14 ነበር። በ1989 በራፋኤል ማቴሳንዝ የሚመራ ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቋመ፤ በየሆስፒታሉም አስተባባሪዎች ተመደቡ፤ አብዛኞቹ የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ናቸው። ሊለግስ የሚችለውን ሕመምተኛ በጊዜ ይለያሉ፣ ሐዘንተኛ ቤተሰብን እንዴት ማነጋገር እንዳለባቸውም ይሠለጥናሉ። በሌላ 10 ዓመት ቁጥሩ ከ30 አለፈ። የፈቃዱ ሕግ ግን ያው የ1979ኙ ነበር። ማቴሳንዝ በ2010 ከጆን ፋበርና ከፖል መርፊ ጋር በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ሲጽፍ፣ በግምት የሚወሰድ ፈቃድ ከዋናው ሥራ የሚያዘናጋ ነው ብሏል። ሥርዓቱን የገነባው ሰው ይህን ካለ፣ ስፔንን ለዚያ ሕግ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ዌልስ በ2015 ሕጓን ከለወጠች በኋላ እሺ የሚል ቤተሰብ በዝቷል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። በዝቷል፤ ሆኖም ለውጡ ከሰፊ ሕዝባዊ ቅስቀሳ ጋር አብሮ የመጣ በመሆኑ ለሕጉ ብቻ ሊሰጥ አይችልም። እርግጥ፣ አገርን ከአገር ማነጻጸር ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ብዛትም ሆነ የትራፊክ አደጋ መጠን ውጤቱን ይለውጣል። ይህ ጥንቃቄ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ለ99.98 ነው።

በስፔን አስተባባሪው ዛሬም ከሟች ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል። ቤተሰቡ እምቢ ካለ አካሉ አይወሰድም።