«አልከፈት አለ»፦ የማጫወቻ ስያሜ ከሸክላ እስከ ሊኑክስ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በሻሸመኔ የኮምፒዩተር ጥገና ቤቶች ዘወትር ከሚሰሙት አባባሎች አንዱ «ፋይሉ አልከፈት አለ» የሚለው ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ፋይሉ ነው፤ ያውም እንደ ሰው «አልከፈትም» ብሎ በአንደኛ መደብ የሚናገር ባለቤት። ፋይሉን ማንበብ ያቃተው ማጫወቻ ግን በአነጋገሩ ውስጥ ስፍራ የለውም። አባባሉ ከየት እንደ መጣ፣ ለተርጓሚም ምን እንደሚያስከትል መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የተቀዳ ድምፅ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀዳ መልእክት ልከዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ክብ ዲስክ በአማርኛ «ሸክላ» ተባለ፤ እንደ ሸክላ ዕቃ ተሰባሪ ነበርና ስያሜው የተስማማው ይመስለናል። መሣሪያው ደግሞ «ማጫወቻ» ሆነ። ቃሉ «አጫወተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጨዋታ በአማርኛ ወግም ጭምር ስለ ሆነ፣ ማጫወቻ እንግዳን በወግ የሚይዝ ዕቃ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስያሜ በኮሚቴ ይገኝ ነበር ለማለት እንቸገራለን።

በሸክላና በካሴት ዘመን፣ የተቀዳው ነገርና ማጫወቻው ለዓይን የተለያዩ ነበሩ። ካሴት ሲጠላለፍ «ቴፑ በላው» ይባል ነበር፤ ጥፋተኛው መሣሪያው ነው። በአንዱ ቴፕ እምቢ ያለውንም በጎረቤት ቴፕ መሞከር የተለመደ ነበር።

ልዩነቱን ያደበዘዘው ራዲዮ ነው። ራዲዮ የሚገባበት ሸክላ ወይም ካሴት አይፈልግም፤ «ክፈተው» ይባላል፣ ይሰማል። መክፈት የበር ሥራ መሆኑ ቀርቶ ማሰማትም ሆነ፤ «ዘፈን ክፈት» ማለትም ተለመደ። በአፋን ኦሮሞም «ባኒ» የሚለው ቃል በርንም ራዲዮንም ስለሚያገለግል፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን በሚነገሩበት በአዳማ አንዱ ሌላውን አጽንቷል። ፋይል በኮምፒዩተር ሲመጣም ይኸው ግሥ ተቀበለው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ችግሩን ገሃድ አወጣው። ኤምፒስሪ የተባለው የድምፅ ቅርጽ በፈጠራ መብት የተያዘ ስለ ነበር፣ በርካታ የሊኑክስ ሥርጭቶች የተጨመቀውን ድምፅ የሚዘረጋውን ክፍል፣ ማለትም ኮዴኩን፣ አብረው አያቀርቡም ነበር፤ የመብቱ ፈቃድ አሰጣጥ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ስለዚህ ደህናው ዘፈን ከሥርዓቱ ጋር በመጣው ማጫወቻ አይሰማም ነበር። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1996 በተማሪዎች የተጀመረውና ከ2001 ወዲህ በነፃ የሚሠራጨው ቪኤልሲ ግን አብዛኞቹን ኮዴኮች በውስጡ ይዞ ይመጣል። ተጠቃሚው ፋይሉን በመዳፊቱ ቀኝ አዝራር ነክቶ፣ ከሚዘረጋው ዝርዝር ሌላ ማጫወቻ ይመርጣል፤ ከፈለገም ምርጫውን ቋሚ ያደርገዋል። ፋይሉ አንዳች አይለወጥም። «አልከፈት አለ» ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፤ የሚጠፋውም የሠርግ ምስል ወይም የአንድ አዛውንት ድምፅ ሊሆን ይችላል።

የተርጓሚው ፈተና እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ቃል በቃል ሲመለስ «ከቪኤልሲ ጋር ክፈት» ይሆናል፤ ይህ በአማርኛ ሁለቱንም አብረህ ክፈት ማለት ነው። «ክፈት በ» ብሎ መስተዋድዱን ብቻውን አንጠልጥሎ መተውም የሰዋስው ጉድለት ነው፤ «በ» ከስም ተለይቶ አይቆምምና። ትክክሉ «በቪኤልሲ ክፈት» ነው። አፋን ኦሮሞ የመሣሪያውን ምልክት ከስሙ በኋላ ስለሚያስከትል «ቪኤልሲዻን ባኒ» ይላል። እንግዲህ የፕሮግራሙ ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ ለአንዱ ቋንቋ ከፊቱ፣ ለሌላው ከኋላው ቅጥያ እንዲቀበል ሆኖ መዘጋጀት አለበት። ሐረጉን በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተል ቆራርጦ ለተርጓሚ ማቅረብ ሁለቱንም ይጎዳል።

በእኛ አስተያየት «መክፈት» ለፋይል በጠቅላላው ይቆይ፤ ድምፅና ምስል ሲሆን ግን «ማጫወት» ይመረጥ። የስሕተት መልእክቱም ባለቤቱን ይለውጥ፦ «ይህ ማጫወቻ ፋይሉን ማጫወት አልቻለም፤ በሌላ ማጫወቻ ይሞክሩ»። በአንቱታ መቅረቡም፣ ከአክብሮቱ ሌላ፣ «ሞክር» ወይስ «ሞክሪ» ከሚለው የጾታ ምርጫ ተርጓሚውን ያድነዋል።