ከ«ተኚ» ወደ «ምን ትወጂ ነበር?»

ድባቴ የያዘው ሰው ከዘመድ ከወዳጅ ሁለት ምክር አያጣም። አንዱ «ተኛ፣ እረፍ» ይለዋል፤ ሌላው «ተነስና ሥራ፣ ይለቅሃል» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች የቆዩ ናቸው፤ ሐኪሞችም ተከራክረውባቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1790 ሐና ሚልስ የምትባል ባሏ የሞተባት እንግሊዛዊት በከባድ ትካዜ ታማ ዮርክ ከተማ ወዳለ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባች። የኩዌከር እምነት ወዳጆቿ ሊጠይቋት ቢሄዱ ተከለከሉ። ብዙም ሳትቆይ እዚያው ሞተች። ሞቷ ያንገበገበው የሻይና የቡና ነጋዴ ዊልያም ቱክ ከእምነት ወገኖቹ ገንዘብ አሰባስቦ በ1796 «ዘ ሪትሪት» የተባለውን ማገገሚያ ከፈተ። እዚያ ሕመምተኛው እንደ ሰው ይታይ ነበር፤ አትክልት ይኮተኩታል፣ ይሰፋል፣ ያነባል፣ በእግሩ ይንሸራሸራል።

ሐሳቡ ግን ሲስፋፋ ተበላሸ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሺህ የሚቆጠር ሰው በታጨቀባቸው ማቆያዎች ሕሙማኑ ልብስ አጣቢና እርሻ ቆፋሪ ሆኑ። ሥራው ለበሽተኛው መሆኑ ቀርቶ የተቋሙን ወጪ መቆጠቢያ ሆነ።

በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ሐኪም ሳይለስ ዌር ሚቸል ተቃራኒውን ያዘ፦ መተኛት፣ በደንብ መብላት፣ ምንም አለመሥራት። በ1887 ልጅ ከወለደች በኋላ በድባቴ የምትሰቃየው ደራሲት ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ወደ እሱ ሄደች። ተኝታ ከታከመች በኋላ ቤቷ ስትመለስ ዳግመኛ ብዕር እንዳትነካ ታዘዘች። ትእዛዙን ለወራት ብትጠብቅ አእምሮዋን ልትስት ምንም አልቀራትም ነበር፤ ይህን በኋላ ራሷ ጽፋዋለች። የዳነችውም ወደ ሥራዋ ስትመለስ ነው። በ1892 የታተመው «ዘ የሎው ዎልፔፐር» የተባለው ታሪኳ ከዚህ መከራ የተወለደ ነው።

ታዲያ መሥራትም ሰውን ካደከመ፣ መተኛትም ካጠፋ፣ መፍትሔው የቱ ጋ ነው?

መልስ ፍለጋ ከወጡት አንዱ ራሱ በሽተኛ ነበር። ጆርጅ ባርተን አርክቴክት ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል፣ ግራ ጎኑም ሽባ ሆኖበታል። ኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ ውስጥ ቤት ይዞ በአናጢነትና በአትክልት ሥራ ራሱን ማከም ጀመረ። በመጋቢት 1917 ባልደረቦቹን እዚያው ሰብስቦ የኦኩፔሽናል ቴራፒን የመጀመሪያ ማኅበር መሠረቱ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አዶልፍ ማየር ደግሞ በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ ጤናን በአራት ነገሮች ሚዛን አስረዳ፦ ሥራ፣ ጨዋታ፣ ዕረፍትና እንቅልፍ። የ«ተኛ»ና የ«ሥራ» ጠብ እዚህ ላይ ታረቀ ማለት ይቻላል።

አሁን ያለው ባለሙያም ከዚያው ይነሳል። «ቀንሽ እንዴት ያልፋል? ድሮ ምን ትወጂ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ቡና ማፍላት የምትወድ ሴት በድባቴ ከተኛች «ተነስተሽ ጎረቤት ጥሪ» አይላትም። ቡናውን ይበታትነዋል፦ ዛሬ ጀበናውን ማጠብ ብቻ፣ ሌላ ቀን መቁላት፣ ሲቀል ደግሞ ለአንድ ሰው ማፍላት። ድባቴ ሰውን ከሚወደው ነገር ያርቃል፤ መራቁ ደስታን ያሳጣል፤ ደስታ ማጣቱ ድባቴውን ያብሳል። ይህን አዙሪት በትንሹ በኩል መበጠስ ነው ነገሩ። ፍላጎቱ እስኪመጣ ከተጠበቀ ላይመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተጀመረ በኋላ ነው። መድኃኒትና ምክር ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ምትክ ሳይሆን አጋዥ ነው።

እናም «ተነስና ሥራ» የሚለው ዘመድ ግማሽ እውነት ይዟል። የጎደለው ጥያቄው ነው፦ የቱን ሥራ? ምን ያህሉን? ለማን? ለሐና ሚልስ ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ ጊልማንም መልሱን ብታውቀውም ብዕሯን ተከለከለች።