ከሆራው አረፋ እስከ ኩላሊት ጠጠር

ከአምቦ ወደ ደቡብ ሽቅብ የተጓዘ ሰው ወንጪ አፋፍ ላይ ሲደርስ ሐይቁን ከእግሩ በታች ያገኘዋል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው፤ ሐሮ ወንጪም የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የአካባቢው ወጣቶች እንግዳውን በፈረስ ቁልቁል ያወርዱታል፤ ሸለቆው ውስጥ ከመሬት ሥር እየተንፈቀፈቀ የሚወጣ ማዕድናማ ውሃ ይገኛል። ከብት የሚነዳለትን እንዲህ ያለ ምንጭ ሕዝቡ ሆራ ይለዋል። የምንጩ ዳር ዝገት የነካው ይመስል ቀልቷል፤ ድንጋዩን በጥፍር ሲፍቁት ቅርፊቱ እየተፈረፈረ ይነሣል።

የዚያ ቅርፊት ዘመድ ከተማ ውስጥም አለ። ጠንካራ ውሃ ለዓመታት የፈላበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ ያየ ሰው ታችና ጎኑን የለበሰውን ነጭ ግግር ያውቀዋል። ቤተሰብ ውስጥ ጎኑን ውጋት ያንከባለለው፣ «የኩላሊት ጠጠር ነው» የተባለ ሰው ካለ ደግሞ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ወደዚያ ግግር ነው። ብረት ላይ እንዲህ የጋገረ ውሃ ሥጋ ላይማ ምን ያደርግ! ይህ አስተሳሰብ ሊናቅ አይገባውም። የጠጠር ምርምር የተጀመረው በዚሁ ዓይነት ግምት ነው፤ አምቦ ውሃ ውስጥ የሚንተከተከውን አየር የሰው ልጅ ለይቶ ያወቀውም ለጠጠር መድኃኒት ፍለጋ በተነሣ ሰው እጅ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በሽታውን በራሳቸው ላይ እየመዘገቡ ካቆዩልን ሰዎች መካከል ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ደ ሞንቴኝ ይገኝበታል። አባቱም በጠጠር ተሠቃይተው ነበር። እሱ በ1580 እና በ1581 ከአንዱ ማዕድናማ ምንጭ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በጀርመንና በጣሊያን አገሮች ተጓዘ። ማስታወሻው ላይ ጠዋት ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ፣ ምን ያህል እንደሸና፣ ምን ዓይነት አሸዋና ጠጠር እንደወጣለት ይቆጥራል። ያ ማስታወሻ የታተመው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1774 ነው። የቆጠረውን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የጠጣውንና የወጣውን ነበር።

በ1739 የእንግሊዝ ፓርላማ ጆአና ስቲቨንስ ለተባለች ሴት 5,000 ፓውንድ ሊከፍል ወሰነ። የከፈላት የጠጠር መድኃኒቷን ምሥጢር ለሕዝብ እንድትገልጥ ነው። ምሥጢሩ ሲገለጥ የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት፣ ቀንድ አውጣ፣ ሳሙናና ቅጠላ ቅጠል ሆኖ ተገኘ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሳሙናና ለቅርፊት ማውጣት ዛሬ ግር ሊለን ይችላል። ግን ማደንዘዣ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1846 መሆኑን እናስብ። በዚያ ዘመን ፊኛ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው ሌላው ምርጫው እጅና እግሩ ታስሮ፣ ሙሉ ስሜቱ እያለ፣ በቢላ መከፈት ነበር። ሊዋጥ የሚችል ነገር ሁሉ ከዚያ ይሻላል።

የተቃጠለ ቅርፊት ኖራ ነው። ስለዚህ የኤድንብራ ሐኪሞች የኖራ ውሃ ጠጠርን ያሟሟል ወይ ብለው መመርመር ያዙ። ሁለቱ መምህራን ሮበርት ዋይትና ቻርልስ አልስተን ግን ተጣሉ፤ አንዱ ከባሕር ዛጎል የተቃጠለውን ኖራ ሲመርጥ ሌላው ተራውን የድንጋይ ኖራ አበለጠ። ጆሴፍ ብላክ የተባለ የሕክምና ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ጉዳዩን ሲያነሣ በመምህራኑ ጠብ መካከል መግባት አልፈለገም። ኖራውን ትቶ ነጭ ማግኒዝያ የሚባለውን ዱቄት ያዘ። ዱቄቱን አቃጠለና በሚዛን መዘነው፤ ቀልሎ ተገኘ። የጎደለው ምን እንደሆነ ሲያሳድድ ድንጋይ ውስጥ ታስሮ የኖረ፣ በእሳትና በአሲድ የሚለቀቅ አየር አገኘ። አየሩ የኖራ ውሃን ወተት ያስመስለዋል፣ ሻማም ያጠፋል። ጽሑፉን በ1754 አቀረበ፤ ሙሉው ምርምር በ1756 ታተመ። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ ይህ ነው።

ተማሪው የተነሣው ጠጠር ሊያሟሟ ነበር፤ ያገኘው በወንጪ ሸለቆና በአምቦ ከመሬት እየተንፈቀፈቀ የሚወጣውን ጋዝ ሆነ። በ1772 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ያንኑ ጋዝ ተራ ውሃ ውስጥ ማስገባት እንዴት እንደሚቻል ጽፎ አሳተመ፤ የሰው ሠራሽ ጋዝ ውሃ ኢንዱስትሪ የተነሣው ከዚያ ነው። አምቦ ግን ያን ድካም አልጠየቀችም፤ ከ1930 አንሥቶ እየታሸገ የሚሸጠው ውሃዋ ማዕድኑንም አረፋውንም ከከርሠ ምድር ይዞ የመጣ ነው። አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ስትባል ስሟ ያለ ነገር አልወጣላትም ብዬ አምናለሁ።

ጠጠሩ ራሱ ከምን እንደተሠራ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። በ1776 ስዊድናዊው ካርል ሼሌ ዛሬ ዩሪክ አሲድ የምንለውን ነገር ከፊኛ ጠጠር ውስጥ አወጣ። በ1797 እንግሊዛዊው ዊልያም ዎላስተን ጠጠር አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑን አሳየ፤ የካልሲየም ኦክሳሌቱን ከፎስፌቱ፣ ሁለቱንም ከዩሪክ አሲዱ ለየ። ለእኔ የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። «ጠጠር» በአንድ ስም ቢጠራም መነሻውም መድኃኒቱም የተለያየ ነው። ዩሪክ አሲድ ሽንት ሲኮመጥጥ ይረጋል፣ ኮምጣጣነቱ ሲበርድ ደግሞ ይሟሟል፤ የስቲቨንስ ሳሙናና ኖራ ለአንዳንዱ ሰው እውነት ጠቅሞት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚበዛው የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያሟሟው የሚዋጥ መድኃኒት የለም።

ታዲያ ከየት ይጀምራል? አሌክሳንደር ራንዳል የተባለ የፊላዴልፊያ ሐኪም ከ1,000 በላይ የሞቱ ሰዎችን ኩላሊት እየከፈተ ተመለከተ። በ1937 ያሳተመው፣ ሽንት ከኩላሊቱ ሥጋ የሚፈስባቸው ጫፎች ላይ ነጣ ያለ የካልሲየም ልጥፍ እንዳለና ትንንሽ ጠጠሮች እዚያ ላይ ተጣብቀው እንደሚያድጉ ነው። የማንቆርቆሪያው ምሳሌ ግማሹ እውነት የሚሆነው በዚህ ነው። ውሃ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሟሟ ነገር ሲይዝ ይጥለዋል፤ ሕጉ ለምንጩም፣ ለማንቆርቆሪያውም፣ ለኩላሊቱም አንድ ነው። ኩላሊት የሚሞላው ግን ከቧንቧ በሚመጣ ውሃ አይደለም። ሽንት የሚሠራው ከደም ነው፤ ከደሙ በፊትም አንጀት አለ።

አንጀቱ ያለውን ድርሻ በግልጽ ያሳየው ጋሪ ከርሃንና ባልደረቦቹ በ1993 ያወጡት ጥናት ነው። 45,619 አሜሪካውያን ወንዶችን አራት ዓመት ተከታተሉ። ካልሲየም ያለው ምግብ አብዝተው ከሚበሉት መካከል ጠጠር የያዛቸው፣ አሳንሰው ከሚበሉት ይልቅ ጥቂት ነበሩ። ለዘመናት «ጠጠርህ ካልሲየም ነውና ወተት ተው» ሲባል ለኖረ በሽተኛ ይህ ዱብ ዕዳ ነው። ምክንያቱ ግን ትሪ ላይ ይታያል። ቆስጣ ኦክሳሌት የበዛበት ቅጠል ነው። ከአይብ ጋር ሲበላ የአይቡ ካልሲየም ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ የተያያዘው ከሰገራ ጋር ይወጣል እንጂ ወደ ደም አያልፍም። አይቡ ሲቀር ኦክሳሌቱ ብቻውን ኩላሊት ይደርሳል። እዚህ ላይ የጾም ወራት ትዝ ይለኛል፤ ወተቱ ይቀራል፣ እስከ ሰዓቱም ውሃ አይቀመስም፤ በሌላ ወገን ጠጠር ከሚያበዙት አንዱ የሆነው ሥጋ ይቀራል። ሒሳቡ በአንድ መስመር የሚዘጋ አይደለም፤ ለእኛ አገር ተመራማሪ የሚገባ ጥያቄ ነው።

በአምቦ ውሃ ላይም ፍርዱ እንዲሁ ሁለት ገጽ አለው። በቢካርቦኔት የበለጸገ ውሃ የሽንትን ኮምጣጣነት ያበርዳል፤ ለዩሪክ አሲድ ጠጠር ይህ ደግ ነው። ሶዲየም የበዛበት ውሃ ደግሞ፣ እንደ ገበታ ጨው ሁሉ፣ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ይጨምራል። ስለዚህ «አምቦ ለኩላሊት መድኃኒት ነው» የሚለውም «ጠጠር ያመጣል» የሚለውም ጠጠሩ የትኛው እንደሆነ ሳይጠየቅ የተነገረ ነው።

ከውሃው ዓይነት ይልቅ መጠኑን የፈተኑም አሉ። በጣሊያን ፓርማ ከተማ ሎሪስ ቦርጊና ባልደረቦቹ ጠጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛቸውን 199 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በቀን የሚወጣቸው ሽንት ከሁለት ሊትር እንዳያንስ አድርገው ውሃ እንዲጠጡ ተነገራቸው፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ኖሩ። አምስት ዓመት ጠበቁ። በ1996 በታተመው ውጤት ጠጠሩ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ 12ቱ፣ ከሌሎቹ 27ቱ ነበሩ። መለኪያው የውሃው ጥንካሬ ወይም ልስላሴ አልነበረም። በቀን ምን ያህል ሽንት ወጣ የሚል ነበር፤ ሞንቴኝ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በየምንጩ ዳር ተቀምጦ ሲቆጥረው የነበረው።