ቲሶረስ፦ የዘመድ ቃላት መዝገብ

መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ቃሉን ይዞ ፍቺውን ይፈልጋል። ቲሶረስ የሚገልጥ ግን ሐሳቡ አለው፤ የቸገረው ቃሉ ነው። «ተናደደ» ላላ ብሎበት ጠንከር ያለ ይሻል፤ ወይም በዝቶበት ለዘብ ያለ ይፈልጋል። ቲሶረስ በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላትን አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ አብዛኛውን ጊዜም ተቃራኒዎቻቸውን ጨምሮ የሚያቀርብ መጽሐፍ ነው።

ስሙ ከግሪክ ተነሥቶ በላቲን በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ ሀብት ወይም የሀብት ማከማቻ ነው። በዛሬው ትርጉሙ እንዲታወቅ ያደረገው ፒተር ማርክ ሮዤ የተባለ ሐኪም ነው። ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1779 ለንደን ተወልዶ ገና በ19 ዓመቱ ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። በ1805 ለራሱ መጻፊያ የሚሆን አነስተኛ የቃላት ዝርዝር አሰናዳ። ዝርዝሩን አስፍቶ መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው ግን በ1852፣ በ73 ዓመቱ ነው።

ሮዤ ቃላቱን በፊደል ተራ አልደረደረም። የሰውን ሐሳብ በስድስት ታላላቅ ክፍሎች መደበ፤ ከእነዚህም መካከል ስፍራ፣ ቁስ፣ አእምሮና ስሜት ይገኛሉ። በክፍሎቹ ሥር 1000 ያህል ርእሶች ዘረዘረ። ተቃራኒ ሐሳቦችንም በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ «መኖር» በአንዱ፣ «አለመኖር» በሌላው። የፊደል ተራ የተሰጠው ከኋላ ለተቀመጠው ማውጫ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ቲሶረሶች ከመነሻቸው በፊደል ተራ የተዘጋጁ ናቸው።

እንግሊዝኛ እንዲህ ላለ መጽሐፍ የተመቸ ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ከፈረንሳይኛ፣ እንዲሁም ከላቲን ብዙ ቃላት ስለወሰደ ለአንድ ሐሳብ ሁለትና ሦስት ቃል ማግኘት የተለመደ ነው። «መጠየቅ» ለማለት ነባሩ «አስክ» አለ፤ በፈረንሳይኛ በኩል የገባው «ክዌስችን» አለ፤ ከላቲን የመጣው «ኢንተሮጌት» አለ። መንገድ የጠፋው ሰው «አስክ» ያደርጋል፤ ተጠርጣሪ የያዘ መርማሪ ግን «ኢንተሮጌት» ነው የሚያደርገው።

ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ቢግ» እና «ላርጅ» ሁለቱም «ትልቅ» ናቸው፤ ስለ ቤት ሲወራ ማንኛቸውም ያስኬዳሉ። «ቢግ ብራዘር» ግን ታላቅ ወንድም ነው፤ «ላርጅ» ከተባለ ወንድምየው ገላው የገዘፈ ይሆናል። «ስሊም» እና «ስኪኒ» ሁለቱም ቅጥነትን ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው እንደ «ሸንቃጣ» ምስጋና አለበት፣ ሁለተኛው ወደ «ከሲታ» ያደላል። ሙሽራዋን «ሸንቃጣ» ያለ እንግዳ ይወደዳል፤ «ከሲታ» ያለው ከሚዜዎቿ ጋር ይጣላል።

ተቃራኒም እንደዚሁ «የምን?» ተብሎ ይጠየቃል። «ኦልድ» ስለ መኪና ከሆነ ተቃራኒው «ኒው» ነው፤ ስለ ሰው ከሆነ «ያንግ»። «ሃርድ» የተባለው ፍራሽ ከሆነ «ሶፍት»፣ ፈተና ከሆነ ደግሞ «ኢዚ» ይቆምበታል። ተቃራኒ ያለው ፍቺው ነው፤ ቃሉ ስንት ፍቺ ካለው ያን ያህል ተቃራኒ ሊኖረው ይችላል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «መዝገበ ተመሳሳይ ቃላት» ማለት ይቀናል። ነገር ግን «ተመሳሳይ» ሲባል አንዱ ሁልጊዜ ሌላውን የሚተካ ይመስላል፤ ተቃራኒዎቹንም ከስሙ ውጭ ያስቀራቸዋል። «የዘመድ ቃላት መዝገብ» ይሻላል። ዘመዳሞች ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ተቃራኒነትም ራሱ ዝምድና ነው፦ «ሙቅ» እና «ቀዝቃዛ» የሚቃረኑት ሁለቱም ስለ ሙቀት መጠን ስለሚናገሩ ነው፤ «ሙቅ» እና «ረጅም» ግን የሚገናኙበት ስለሌለ ሊቃረኑም አይችሉም። «መዝገብ» ደግሞ በግዕዝ ግምጃ ቤትና የተከማቸ ሀብት ማለት ስለሆነ የግሪኩን ፍቺ ሳይጎድል ይይዛል።

ስሙ አጠቃቀሙንም ይጠቁማል። ከዚህ መዝገብ የወጣ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚውል ሳይታይ ድርሰት ውስጥ አይግባ፤ ምሳሌውን ለማየት ደግሞ ወደ መዝገበ ቃላት መመለስ ግድ ነው።