ጎማና ጭቃ፦ ከሴባስቶፖል እስከ ሞላሌ ባጃጅ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡና እስኪፈላ ብላችሁ ታግሳችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ስሙን አልጠራም፣ ሞላሌ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ እናቱ በሬ ሸጠው፣ አጎቱ ጨምሮለት፣ የቀረውን ተበድሮ አሮጌ ባጃጅ የገዛው ልጅ ነው። «ቲቸር፣ ክረምቱ ሳይገባ ጎማ ልቀይር ነው። ሰፊ ነው የሚሻለኝ ወይስ ቀጭን? ቸርኬውንም በትልቅ ለውጠው የሚሉኝ አሉ። እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። «ይሄ እኮ የፊዚክስ አስተማሪህ ጥያቄ ነው» አልኩት። «የፊዚክሱን ጠየቅኳቸው፤ ጎሚስታ ጠይቅ አሉኝ። ጎሚስታው ደሞ ያለውን ጎማ ነው የሚያሞግሰው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ለምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ባለፈው ሐምሌ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ባጃጁ ዋልካ ላይ ተቀረቀረበት። ነዳጅ በሰጠው ቁጥር የኋላ ጎማው እየቆፈረ ገባ፣ በመጨረሻም ሆዱ መሬት ነካ። ሰው ተጠራርቶ ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሳት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ደህና ናቸው። አንድ ሽማግሌ ግን «ልጄ፣ ከመጀመሪያው በቃሬዛ ብናመጣት በጊዜ ትደርስ ነበር» አሉት። ይቺ ንግግር ልጁ ውስጥ ቀርታለች። ብድሩን ሳይከፍል ሌላ ገንዘብ ጎማ ላይ ሊያፈስ የተነሳውም ለዚህ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ደጋ ጎማና ጭቃ ሲታገሉ የመጀመሪያቸው አይደለም።

ከቃሉ እንጀምር። በጥንቱ ቋንቋችን ለዚህ ነገር «መንኮራኩር» የሚባል ቃል ነበረን። ዛሬ መንኮራኩር ስትሉ ተማሪ ሁሉ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ቃሉ የጠፈር ሆኗል። መሬት ላይ ለሚሽከረከረው ደሞ የጣሊያን ቃል ተበደርን። ጎማ የጣሊያን ነው። ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ሁሉም ከዚያው ነው የመጡት። ጋሪ ከህንድ ነው፣ ባጃጅም ከህንድ ነው። ቃል የሌለው ሕዝብ ሆነን አይደለም። ዕቃው ከነስሙ ስለመጣብን ነው።

ታዲያ አባቶቻችን ለምን በጋሪ አልተጠቀሙም? የውጭ ሰዎች አንዳንዴ እንደ ኋላ ቀርነት ይጽፉታል። እኔ ተማሪዎቼን የምላቸው «ሜዳው ጫፍ ላይ ቁሙና ቁልቁል እዩ» ነው። መንዝ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው። ከላይ ሜዳ ይመስላል፣ ዳሩ ላይ ስትደርሱ ግን የጀማና የወንጪት ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ገደል ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው በቅሎና አህያ ከማንኛውም ጎማ ይበልጣሉ። በቅሎ አራት እግሯን ለየብቻ ነው የምታስቀምጠው፣ ጭቃውንም መርጣ ትረግጣለች። ጎማ መምረጥ አይችልም፣ የሚመርጥለት ነጂው ነው።

አሁን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ እንሂድ። ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ስለ መድፉ መቀለጥ እንጂ ስለ ጉዞው አንነጋገርም። ለእኔ ግን ከመድፉ ይልቅ ጉዞው ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሡ። መድፉ ባለ ጎማ ሠረገላ ላይ ተጭኖ፣ ሰው በገመድ እየጎተተው፣ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። ወደ ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው! ምክንያቱም ጎማ የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። የጂጣንና የበሽሎን ገደል እየቆረጡ፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እየሠሩ ነው ያለፉት። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር አብረው የነበሩ ፈረንጆች መስክረዋል።

በሌላ በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየርስ ምን አደረገ? ከባድ መድፎቹን ለደጋው መንገድ በጎማ አላመነም። ከህንድ 44 ዝሆን አምጥቶ በዝሆን ጀርባ ጫናቸው። በዘመኑ በኢንዱስትሪ ዓለምን የሚመራ አገር ጦር፣ በእኛ ተራራ ፊት በእግር የሚሄድ እንስሳ መረጠ። ቴዎድሮስ መንገድ መሥራትን መረጡ፣ ናፒየር ጎማን መተውን መረጠ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደሞ የሰርኪስ ባቡር መጣ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ፣ የብረት እግር ያለው መንገድ መዳመጫ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፣ ምኒልክም ተሳፈሩበት። ልብ በሉ፣ መንገድ መዳመጫው ነው ከመኪናው የቀደመው። ይህን ቅደም ተከተል በኋላ እንፈልገዋለን።

መኪናዋ ደሞ በአየር በተሞላ ጎማ ነው የምትሄደው። ይህ ጎማ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ጉድይር የሚባለው አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ የማይቀልጥና የማይሰነጠቅ ማድረጉን አገኘ። በ1888 ደሞ ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት አየር የተሞላ ጎማ ሠራለት። ሰውየው የልጁ ብስክሌት እንዳይነርት ብሎ የጀመረው ነገር ዛሬ የዓለምን ጭነት ተሸክሟል።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ፣ ወደ ጣርማ በር። ከሞላሌ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ የሚያልፈው በር ነው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማይጨው ከሆነ በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ደሴ ሆኖ ሰልፉን አዘጋጀ። ከ1,700 በላይ መኪና ነበረው። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ የመኪና ሰልፍ ታይቶ አይታወቅም። ስሙንም «የብረት ፈቃድ ጉዞ» አሉት። ሚያዝያ 18 ተነሡ።

ችግሩ ወሩ ሚያዝያ መሆኑ ነው። የእኛን አገር የሚያውቅ ሰው በበልግ ዝናብ ጣርማ በርን በመኪና አይሞክርም። ዝናቡ ወረደ፣ መንገዱ ማጥ ሆነ። ጣርማ በር ላይ ደሞ ኢትዮጵያውያን መንገዱን ንደው ጠበቋቸው። ያ ሁሉ መኪና ከተራራው ሥር ቆመ። ወታደሩ ወርዶ ድንጋይ ተሸከመ፣ መኪና ገፋ፣ መንገድ ጠገነ። ከተራራው ካለፉም በኋላ ጫጫ ላይ እነ ኃይለማርያም ማሞ አደጋ ጣሉባቸው።

በጣም የሚገርመኝ ግን ይሄ ነው። በእግሩ የሚጓዘው የኤርትራ ብርጌድ ከመኪናው ሰልፍ ቀድሞ ሚያዝያ 26 ማታ አዲስ አበባ ዳርቻ ደረሰ። ባዶሊዮ በመኪናው የገባው በማግስቱ ሚያዝያ 27 ነው። ያ ሁሉ ሞተር፣ ያ ሁሉ ጎማ፣ በእግር ተቀደመ። የሞላሌው ሽማግሌ ስለ ቃሬዛው የተናገሩት ነገር በታሪክም ተፈጽሟል ማለት ነው። ጣሊያን ይህን ስለተማረ ነው በወረራው ዘመን ጣርማ በርን ፈልፍሎ ዋሻውን የሠራው። ብዙ ጎማ ከመግዛት መንገዱን መለወጥ እንደሚሻል በጭቃው ተማረ። የእኛ ሰው ጉልበትና ደም ያለበት ዋሻ ስለሆነ ሳልፍበት ሁሌም ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ወደ ባጃጁ። ታሪኩን ይዤ ያንን የፊዚክስ አስተማሪ ጓደኛዬንም ጎሚስታውንም ጠየቅኩ፣ የገባኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጭቃ አንድ ዓይነት አይደለም። በብዙው የመንዝ መንገድ ላይ ጭቃው ስስ ነው፣ ሥሩ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ቀጭን ጎማ ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ይነካል፣ ስለዚህ ይሻላል። ረግረጉ ሜዳ ላይ ግን ዋልካው ጥልቅ ነው፣ ቀጭን ጎማ ይሰምጣል። ሰፊ ጎማ ትንሽ ይንሳፈፋል፣ እሱም ለቀላል ተሽከርካሪ ነው። አራት ሰው የጫነ ባጃጅ ግን በሁለቱም ይገባል። የዚያ መፍትሔ ዞሮ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥርስ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ጎማ ዋልካ ሲገባበት ይሞላና እንደተለሰነ ግድግዳ ይለሰልሳል። ጥርሱ ረጅምና የተራራቀ ከሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋዋል። ጥርሱ እንደ ቀስት የተሠራ ከሆነ ሲገጠም ጫፉ ቀድሞ መሬት እንዲነካ ይሁን፤ በተቃራኒው ከተገጠመ ጭቃውን ወደ መሐል ይሰበስባል። ኮንጎ ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ጭቃው ሲብስ ጫማችንን አውልቀን በጣታችን መሬት እየቆነጠጥን አልነበር የምንሄደው?

ሦስተኛ፣ ባጃጅ የሚነዳው በሁለቱ የኋላ ጎማ ነው። አንዱ ጭቃ ላይ ከዞረ ኃይሉ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል፣ ሌላው ደረቅ ላይ ቢሆንም ቆሞ ያያል። ስለዚህ ገንዘብህ ለሁለት ብቻ ከበቃ ጥርስ ያለውን ለኋላ አድርግ። ግን አሮጌና አዲስ አትቀላቅል።

አራተኛ፣ አየር። የሚነካው የመሬት ስፋት ክብደቱ ለአየሩ ግፊት ሲካፈል ነው። 30 የነበረውን ወደ 20 ብታወርደው ጎማው የሚያርፍበት መሬት በግማሽ ያህል ይጨምራል። በነፃ! ነገር ግን ከጭቃው ስትወጣ ወዲያው መልሰህ ንፋ። አየር ያነሰው ጎማ ቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የከመነዳሪውን ቫልቮ ይበጥሰዋል፣ ድንጋይ ላይም ይቆረጣል። ስለዚህ የእጅ መንፊያ ከሌለህ አትሞክረው።

አምስተኛ፣ ቸርኬ በትልቅ ለውጥ የሚሉህን አትስማ። የባጃጅህ ጎማ 4.00-8 ነው፤ ሞተሩም 200 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው። ጎማው ሲተልቅ ለዚያ ሞተር ዳገቱ ይከብደዋል፣ ፍሬኑ ይደክማል፣ ከፍ ሲል ደሞ ለመገልበጥ ይቀላል። ሦስት እግር ያለው ነገር መጀመሪያውኑም ለመገልበጥ ሩቅ አይደለም። ሰው ነው የምትጭነው።

ይህን ሁሉ ትናንት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና ቲቸር፣ ሁሉንም ባደርግ ያቺን ሴትዮ አደርሳት ነበር?» አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግኩም። «የተቀረቀርክበት ቦታ ላይ? አታደርሳትም» አልኩት። እዚያ ቦታ የክረምት ውሃ ከላይ ወርዶ መንገዱ ላይ ነው የሚተኛው፣ ምክንያቱም ቦዩ ከተደፈነ ቆይቷል። ቴዎድሮስም፣ ምኒልክም፣ ጠላታችን ጣሊያንም የደረሱበት መልስ አንድ ነው፦ ጎማው ከመንገዱ በላይ መሆን አይችልም። እኛ ግን ሁልጊዜ ጎማውን ነው የምንወቅሰው፣ ወይም ልጁን።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ልጁ ሁለት ጥርስ ያለው የኋላ ጎማ ብቻ ይገዛል፤ የቀረውን ገንዘብ ለብድሩ ይከፍላል። አካፋ፣ ገመድና መንፊያ ባጃጁ ላይ ይይዛል። ቃሬዛም ይይዛል፤ መጀመሪያ አፍሮ ነበር፣ አሁን ተቀብሎታል። ዝናብ በዘነበ ቀን ያንን ቦታ በባጃጅ አይሞክርም፣ እዚያ ሲደርስ ሰው ይጠራል። በእግር መቀደም ውርደት አይደለም። ውርደቱ ምጥ ላይ ያለች ሴት ተጭና ነዳጅ እየሰጡ መቆፈር ነው።

የእኛ ድርሻ ደሞ ቦዩ ነው። የፊታችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ነን፣ ስድስቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ሞላሌ ያላችሁ ኑ። ሩቅ ያላችሁ ደሞ ጣርማ በር ላይ በ1928 ስለሆነው ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልኝ፣ ለክፍሌ እፈልገዋለሁ።

ክረምቱን በሰላም ያሻግረን።